መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፊው

ያንን ቦርድ በጣትሽ ንኪው እስቲ። ይሞቃል አይደል? ያ ሙቀት ከባትሪው የወጣ ነው። ሰው አካል ላይ የሚታሰር ዕቃ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ እንዲህ ከጋለ፣ ስለ ሌላው ገና ሳንነጋገር ችግሩ ታወቀ።

ቆይ፣ ገጹን አትዝጊው፣ ላንብበው። «ገመድ አልባ ተለባሽ የጤና መከታተያ።» ርዕሱ ጥሩ ነው፤ ለመመረቂያ ፕሮጀክት አማካሪዎች የሚወዱት ዓይነት ነው። ከርዕሱ ሥር የደረደርሽውን ግን አብረን እንቁጠረው። ለኦክስጅንና ለልብ ምት ማክስ30102፣ ለኢሲጂ ኤዲ8232፣ አንድ የሙቀት መለኪያ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚያውቅ አክስለሮሜትር፣ ጂፒኤስ፣ መልእክት የሚልክ ሲም800ኤል፣ ሁሉንም የሚያዘው ኢኤስፒ32፣ እሱም ዋይፋዩ ሌት ተቀን ክፍት። ይሄን ሁሉ የምታንቀሳቅሺው ደግሞ በዚያች ፓወር ባንክ። ታካሚው ቦርሳ ይዞ ይምጣ ልትዪው ነው?

ቦርሳ ያልኩት ቀልድ እንዳይመስልሽ። ኖርማን ሆልተር የሚባል የሞንታና ሰው በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የልብን ምት በሬዲዮ ከሰው ላይ ሲያስተላልፍ፣ ዕቃው በጀርባ የሚታዘልና ወደ 38 ኪሎ የሚመዝን ነበር። ዛሬ ሐኪም «ሆልተር እንሥራለት» ሲል ስሙን የሚጠራው የሱን ነው። ዕቃውን ከጀርባ አውርዶ ኪስ ውስጥ እንዲገባ ያደረገው ትራንዚስተር ነው፤ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይነገረው ሌላው ነው። ሆልተር ሬዲዮውን ተወው። ምልክቱን በቴፕ ቀርጾ፣ በኋላ ቁጭ ብሎ በፍጥነት የሚያይበትን መንገድ መረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ሥራ እሱን ነው። «አሁኑኑ ማወቅ አለብኝ ወይስ ነገ ባውቀው ይበቃል?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ሰው ሥራ ይመስለኛል። አንቺ ይሄን ጥያቄ ገና አልጠየቅሽም።

እሺ፣ ሒሳቡን እንሥራው። ኢኤስፒ32 በዋይፋይ ሲልክ እስከ 240 ሚሊአምፔር ይጎትታል። ሲም800ኤል ኔትወርክ ሲፈልግ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይደርሳል፤ ቦርድሽ በየመሃሉ ራሱን እያጠፋ የሚነሳው ለዚህ ነው፣ ኮድሽ ላይ ስህተት አትፈልጊ። በአማካይ 100 ሚሊአምፔር ብቻ ነው ብለን ብናዝንለት እንኳ፣ 1000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ ከ10 ሰዓት አያልፍም። ጠዋት የታሰረለት ታካሚ ማታ ይጠፋበታል፤ ሌሊቱ ደግሞ ማንም አጠገቡ የማይነቃበት ጊዜ ነው።

እዚህ አዳማ ከኮረብታው ላይ የሚዞሩትን የነፋስ ማመንጫዎች እያየን ስለምንኖር ኤሌክትሪክ የሞላ ይመስለናል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 በ51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው በ2015 በ153 ሜጋዋት ነው የተመረቁት። ደስ ይላሉ። ግን መብራት ሲጠፋ ሆስፒታል ውስጥ ልጇን የያዘች እናት ቻርጀር የምትሰካበት ሶኬት እነሱን አያውቃቸውም፤ ሶኬቱ ካለም የኦክስጅን ማሽኑና የሕፃኑ ማሞቂያ ይዘውታል። በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ዕቃ እዚህ አገር ሆስፒታል ውስጥ በሁለተኛው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከጥገና ክፍል ሆኜ የማየው ይሄንኑ ነው፤ የተበላሹ ዕቃዎች አሉ፣ ከነሱ የሚበዙት ግን ቻርጀራቸው የጠፋባቸው ጤነኞች ናቸው።

አሁን ዋናውን ልጠይቅሽ። ይሄ ዕቃ ለማን ነው? «ለታካሚ» አትበዪኝ። ለየትኛው ታካሚ? ምን ሲደርስበት? ድምፁን ሰምቶ ምን የሚያደርግ ሰው አጠገቡ አለ? ይሄን ሳትመልሺ ባትሪ መምረጥ አትችዪም፤ የባትሪውን ዕድሜ የሚቆርጠው የምትጠይቂው ጥያቄ ነው። በሰከንድ 250 ጊዜ የሚለካ ነገር ከጠየቅሽ በሰከንድ 250 ጊዜ ትከፍያለሽ።

እኔ ልምረጥልሽ ካልሽኝ አንድ ብቻ እመርጣለሁ። ያለጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደ ጨቅላ ሙቀቱ ሲወርድ፣ ለእናቱ በብርሃንና በድምፅ የሚነግር ትንሽ ዕቃ። በቃ። ኢሲጂ የለም፣ ጂፒኤስ የለም። ጨቅላው የት ይሄድብሻል?

«አዳማ ላይ ደግሞ ማንን ይበርደዋል?» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጨቅላን ጤናማ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ያደርገዋል። ከ36.5 ሲወርድ መቀዝቀዝ ይባላል፣ ከ36 በታች ያሳስባል፣ ከ32 በታች ለሞት ያደርሳል። ትንሽ ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ቆዳው ሰፊ ነው፣ ከቆዳው ሥር የሚያሞቀው ስብ ጥቂት ነው፣ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ አይሞቅም። ሲወለድ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እኛን የሚስማማን 24 ዲግሪ ያለው ክፍል ለሱ ብርድ ነው፤ የማዋለጃ ክፍል ከ25 ዲግሪ በታች አይሁን የሚባለውም ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ሙቀት ስለማንችል መስኮቱን ከፍተን ቬንቲሌተር እናስነሳለን። የአዳማ ንፋስ ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርሽም። ከዚህ ትንሽ ወጣ ስትዪ ደግሞ አርሲ ደጋው አለ። ከበቆጂ በኩል በሌሊት ወደ አሰላ ሪፈር የተባለ ጨቅላ በመንገድ ላይ የሚያጣው ሙቀት፣ ሆስፒታሉ የሚሰጠውን መድኃኒት ሁሉ ይቀድማል። በሌላው ጫፍ መተሐራ አለ፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ በሦስት ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን ከ37.5 በላይ ይወጣል። ስለዚህ ዕቃሽ ሁለቱንም ጠርዝ ይወቅ፤ የላይኛውን ለማወቅ ተጨማሪ ሴንሰር አያስፈልገውም፣ አንድ መስመር ኮድ ነው።

ሕክምናው ደግሞ ማሽን አይጠይቅም። እናትየው ሕፃኑን ልብሱን አውልቃ ደረቷ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ታስረዋለች። ካንጋሮ የሚሉት እሱን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሳጥን ባነሰበት ሆስፒታል ዶክተር ኤድጋር ሬይ የጀመሩት ነው። በኛም አገር ሩቅ ታሪክ አለው። ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ አዲስ አበባ ላይ ገና ያልተረጋጉ ትንንሽ ሕፃናትን ወዲያው በካንጋሮ ማቀፍ ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ ሞትን እንደቀነሰ አሳይቷል። ያኔ ብዙው ዓለም «መጀመሪያ ይረጋጋ፣ ከዚያ ይታቀፍ» ይል ነበር። እንግዲህ ዕቃሽ «ቀዘቀዘ» ሲል መልሱ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ሐኪም አይደለም፤ እዚያው ያለች እናት ናት፣ ታቅፈዋለች፣ ኮፍያውን ታስተካክላለች፣ ታጠባዋለች። የሚመልስ ሰው ያለበት ጥያቄ ማለት ይሄ ነው።

«ተሠርቷል» ትዪኝ እንደሆነ፣ አዎ ተሠርቷል። ሕንድ ውስጥ ቤምፑ የሚሉት የጨቅላ አምባር አለ፤ ሕፃኑ ደህና ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲቀዘቅዝ ብርቱካናማ ያበራል፣ ይጮኻል። ባትሪው ለአንድ ወር ያህል ነው፣ ቻርጅ የለውም። ስልክ የለውም። ክላውድ የለውም። ይሄን እያየሽ «ቀላል ነው» ካልሽ እኔና አንቺ አልተግባባንም። አንድ ወር እንዲቆይ ያደረገው የጎደለው ነገር ሁሉ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ዘርፍ እንግባ። የሰውነት ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ በአንድ ዲግሪ የሚወርድ ሕፃን ካለ፣ ወይ ተራቁቷል ወይ ሴንሰሩ ወልቋል። ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው አንዴ ብትለኪ ምንም አያመልጥሽም። በየሰከንዱ መለካት ግን ባትሪሽን ለማይለወጥ ቁጥር መስጠት ነው። ማይክሮኮንትሮለሩን አስተኚው፤ ሰዓቱ ብቻ ይቁጠር፣ ደቂቃው ሲደርስ ይንቃ፣ ይለካ፣ ያወዳድር፣ ተመልሶ ይተኛ። ኢኤስፒ32 ራሱ በጥልቅ እንቅልፍ 10 ማይክሮአምፔር ይደርሳል፤ አንቺ ግን ኤንአርኤፍ52832 የመሰለ ለብሉቱዝ የተሠራ ቺፕ ብትወስጂ፣ ሰዓቱ እየቆጠረ 2 ማይክሮአምፔር አካባቢ ነው፣ ሲልክም 5 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ከ240ው ጋር አስተያዪው።

ለሙቀቱ ያስቀመጥሽው ዲኤስ18ቢ20 አይሆንም። ስህተቱ በግማሽ ዲግሪ ነው፤ ከ36.5 በታች መሆኑን ለማወቅ በምትፈልጊበት ቦታ ግማሽ ዲግሪ ማለት ዕጣ መጣል ነው። ማክስ30205 የ0.1 ትክክለኛነት ቃል የሚገባው ከ37 እስከ 39 ባለው ነው፤ ለትኩሳት ተሠርቷል፣ የኛ ጥያቄ ደግሞ ከ37 በታች ነው። በዚያ ላይ ከ2.7 ቮልት በታች አይሠራም፣ የክብ ባትሪ ደግሞ ሲያረጅ ከዚያ ይወርዳል። ቲኤምፒ117ን እዪው። ከዜሮ በታች 20 እስከ 50 ዲግሪ ድረስ ስህተቱ ከ0.1 አያልፍም፣ በ1.8 ቮልትም ይሠራል፣ በሰከንድ አንዴ ቢለካ እንኳ አማካዩ 3.5 ማይክሮአምፔር ነው። በአምስት ደቂቃ አንዴ ከሆነማ ከሒሳቡ ውስጥ ይጠፋል።

ደምሪው። እንቅልፉ 2 ማይክሮአምፔር፣ በየሁለት ሰከንዱ አጭር የብሉቱዝ ምልክት ከለቀቅሽ አምስት ስድስት፣ በየ30 ሰከንዱ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አንድ እንኳ አትሞላም፤ 10 በዪው። ሲአር2032 የምትባለው የሰዓት ባትሪ 220 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያህል አላት። ሲካፈል 22 ሺህ ሰዓት፣ በወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ከግማሽ። ወረቀቱን አትመኚው፤ ግማሹን ለሙቀት፣ ለእርጅናና ለረሳሽው ነገር ተይለት። አሁንም ከዓመት በላይ ነው፣ ሕፃኑ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ሳምንት። የተረፈሽን ኃይል ከፍ ላለ ድምፅ አውዪው፤ ደክሟት የተኛች እናት በለሆሳስ አትነቃም።

ይሄ ቁጥር ግን እስክትለኪው ድረስ ምኞት ነው። መልቲሜትርሽን በማይክሮአምፔር መስመር ላይ አድርገሽ እንዳትሸወጂ፤ መሣሪያው ራሱ ቮልቴጅ ይበላል፣ ቺፑ ድንገት ሲነቃ ደግሞ ቦርዱ ይጠፋብሻል፣ የምታነቢውም ቁጥር ከቅጽበቱ ጋር አይሄድም። ለዚህ የተሠሩ ውድ መለኪያዎች አሉ፣ ላብራቶሪሽ ውስጥ ከሌሉ አትዘኚ። ትልቅ ካፓሲተር ውሰጂ፣ 4700 ማይክሮፋራድ። በ3 ቮልት ሙዪው፣ ምንጩን ንቀዪው፣ ቦርድሽ ከሱ ብቻ ይጠጣ፣ ወደ 2.5 ቮልት ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሪ። ካፓሲተሩን በቮልቴጁ ልዩነት አባዢና ለጊዜው አካፍዪ፤ አማካይ ፍሰቱ ይሄው ነው። 10 ማይክሮአምፔር የሚጠጣ ቦርድ አራት ደቂቃ አካባቢ ይቆያል። ካፓሲተሩ ብቻውንም ያፈሳልና አስቀድመሽ ያለ ቦርድ ለኪው፣ ቮልቴጁንም ሜትሩን ዝም ብለሽ አስረሽ ሳይሆን አልፎ አልፎ እየነካሽ እዪ። ከስልክሽ ሰዓት በቀር ሌላ አያስፈልግም። ኮሚቴው ፊት «በዚህ መንገድ ለካሁ» ያለች ተማሪ፣ ስላይድ ላይ የባትሪ ሥዕል ከለጠፈችው ትበልጣለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለኪ ደግሞ ትደነግጫለሽ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ። ቺፑን አስተኝተሽው ቦርዱ ግን ብዙ ሚሊአምፔር እየጠጣ ታገኚዋለሽ። ያቺ ሁልጊዜ የምታበራው ቀይ መብራት አለች፤ ከዩኤስቢ ጋር የሚያወራው ቺፕ አለ፤ ቮልቴጅ የሚቀንሰው ኤኤምኤስ1117 አለ፣ እሱ ብቻውን ምንም ሳይሠራ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል። የመማሪያ ቦርድ ለመማሪያ ነው። ቺፑን ብቻውን በራስሽ ሰሌዳ ላይ ካላወጣሽው የእንቅልፍ ኮድሽ ትርጉም የለውም።

አሁን ስለዚያች ክብ ባትሪ ሳልነግርሽ አላልፍም፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ሕፃኑ ራሱ አይውጣትም፤ የሦስት ዓመት ወንድሙ ግን ይውጣታል። 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ባትሪ ጉሮሮ ላይ ስትቀር ፍሰቱ እርጥቡን ሥጋ ያቃጥላል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ታደርሳለች። እዚህ አገር ያለች እናት ከሩቅ የገጠር መንደር ሐኪም ጋ እስክትደርስ ሁለት ሰዓቱ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሣጥኑ በጥፍር የማይከፈት፣ በቡሎን የተዘጋ ወይም ጭራሽ የማይከፈት ይሁን። በሣጥኑ ላይ ቆጥበሽ የልጅ ሕይወት አደጋ ላይ የምትጥይ ከሆነ ዕቃውን አትሥሪው።

«ታዲያ ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም ላድርግበት» ካልሽ ሌላ ጣጣ አለው። ያ ሁሉም የሚጠቀምበት ሰማያዊ ቲፒ4056 ቦርድ ከፋብሪካ ሲመጣ በ1 አምፔር እንዲሞላ ነው የተስተካከለው። 150 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባላት ቀጭን ባትሪ ላይ ይሄን መልቀቅ ባትሪዋን ማሳበጥ ነው። 1.2 ኪሎኦም የሆነችውን ሬዚስተር ነቅለሽ 10 ኪሎኦም ብትተኪ ወደ 130 ሚሊአምፔር ይወርዳል። ደግሞም ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ አይደረግም፤ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ላይ ወይም ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት አስቢው። ለጨቅላው ግን መልሴ አይለወጥም፦ የማይሞላ፣ የማይከፈት።

ሬዲዮውን እንይ። ሰውነት አብዛኛው ውሃ ነው፣ ብሉቱዝ የሚሄድበት 2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። አንቴና ቆዳ ላይ ስታጣብቂው ከተስተካከለበት ድግግሞሽ ይወጣል። ካንጋሮ ላይ ያለ ሕፃን ደግሞ ከፊትም ከኋላም ሰውነት ነው፤ በእናቱ ደረትና በራሱ ሆድ መካከል የቀረ አንቴና ላንቺ ላፕቶፕ አይሰማም። ክፍሉ በግድግዳ የተሞላ፣ ሲስተሯ በሌላው ጥግ ናት። ይሄን ለማሸነፍ ኃይል ከጨመርሽ የባትሪው ጨዋታ አበቃ። ሬዲዮ በየጊዜው መክፈት አንዲት አምፖል ለማብራት ጀነሬተር እንደማስነሳት ነው። ማንቂያው ዕቃው ላይ ይሁን፣ መብራቱና ድምፁ ወደ ውጭ ይዙር። ሬዲዮው የሚያስፈልግሽ ለታሪኩ ብቻ ነው። እሱንም አስዪው፦ በየአምስት ደቂቃው አንድ ልኬት፣ ሁለት ባይት፣ በቀን 288 ልኬት፣ ለ28 ቀን 16 ሺህ ባይት ብቻ። ቺፑ ውስጥ 512 ኪሎባይት ቦታ አለ። ሲስተሯ ዙር ስታደርግ ታብሌቷን ስታስጠጋ ይውጣ። ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ዕቃሽ ሥራውን ይሠራል።

ሴንሰሩ የሚቀመጥበትም ቦታ ጨዋታ አይደለም። የእጅ ወይም የእግር አንጓ ላይ ያለ ቆዳ ከብብት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ 36.5 የሚለውን ቁጥር እንዳለ ወስደሽ አንጓ ላይ ብትተክዪው ሌሊቱን ሙሉ ይጮኽብሻል። ከብብት ቴርሞሜትር ጋር ጎን ለጎን፣ በብዙ ሕፃናት ላይ፣ ቀንና ሌሊት አስተያዪ። የሴንሰሩን የላይ ጀርባ በስፖንጅ ከክፍሉ አየር ለዪው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ቆዳ በፕላስተር ይላጣል፣ ስለዚህ ማጣበቂያ አይኑር፤ ለስላሳ ማሰሪያ፣ ኒኬል የሌለው፣ የሚታጠብ። በከንቱ የሚጮኽ ዕቃ ምን እንደሚደርስበት ላንቺ መንገር ይከብዳል? በሁለተኛው ሌሊት ጨርቅ ይጠቀለልበታል።

ኦክስጅኑን ማውጣት ከከበደሽ፣ ለምን ለሌላ ጊዜ እንደማቆየው ልንገርሽ። ታኩኦ አዮያጊ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረጉት የኦክስጅን መለኪያ ሐሳብ ዛሬም ዓለምን ይመራል፣ ክብር ይገባቸዋል። ግን ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚለካው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሚሺጋን የወጣ ጥናት፣ መለኪያው «ደህና ነው» እያለ ደማቸው ግን ኦክስጅን ያነሰባቸው ሰዎች በጥቁሮች ዘንድ 11.7 ከመቶ፣ በነጮች 3.6 ከመቶ መሆናቸውን አሳየ። አንቺ የምትሠሪው ለማን ቆዳ ነው? ከፍታውን ደግሞ ጨምሪበት፤ በ3500 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ያጠናችው ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ኦክስጅናቸው እንደ ቆላ ሰው ሆኖ አግኝታዋለች፣ አንዲስ ተራሮች ላይ ከሚኖሩት የተለየ። ለአንዲስ ሰው የወጣን ገደብ እንዳለ ወስደሽ በቆጂ ላይ አትተክዪውም ማለት ነው። ስለ በቆጂ ካነሳን፣ የልብ ምት ከ50 ሲወርድ ይጩህ ብለሽ ጽፈሻል፤ እነ ደራርቱና ቀነኒሳ የወጡበት መንደር ሄደሽ ብትሞክሪው ጤነኛው ሯጭ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ይጮኽበታል። በዚያ ላይ የኦክስጅን መለኪያ መብራት ያበራል፤ መብራቱ ብቻ እስከ 50 ሚሊአምፔር ሊጎትት ይችላል። ከሙቀቱ ጋር በአንድ ባትሪ አይኖሩም።

«እታለም፣ እንዲህ ካነሰ ግን ኮሚቴው ትንሽ ነው ይላል» ትዪኛለሽ። ይበሉ። ካፓሲተሩን አሳዪያቸው፣ ዓመት የሚቆይ መሆኑን አሳዪያቸው፣ ከብብት ቴርሞሜትር ጋር ያለውን ልዩነት በግራፍ አሳዪያቸው። ስድስት ሴንሰር የደረደረ ፕሮጀክት ሁልጊዜ አለ፤ በምረቃው ማግስት ብሬድቦርዱ ይፈታና ሽቦው ለቀጣዩ ተማሪ ይሰጣል።

ሕጉን በአጭሩ። ሰው ላይ ከማሰርሽ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፤ ይሄን ከአማካሪሽ ጋር አሁኑኑ ጀምሪው፣ ወራት ይወስዳል። ለገበያ ካሰብሽው የሕክምና መሣሪያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ 1112/2011። የታካሚ መረጃ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለው። መረጃውን ውጭ አገር ያለ ነፃ ሰርቨር ላይ መጣል ከዚህ በኋላ የሰነፍ አማራጭ ብቻ ሳይሆን የሚያስጠይቅ ነው። በብሉቱዝ በሚወጣው ምልክት ላይም የእናትየውን ስም አትጻፊ፤ ቁጥር ይበቃል፣ ስሙ ካርዱ ላይ አለ።

ከሕጉ በላይ የምፈራልሽ እናቶቹን ነው። ሌሊት ሌሊት የሚያበራ ነገር ልጇ እግር ላይ ስታስሪባት፣ አንዷ «ምንድነው የሚለካው?» ትላለች፣ ሌላዋ «ዓይን ይስብበታል» ብላ ትሸፍነዋለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የገዛ ልጃቸው ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም አስረጂ፤ ማንበብ ለማትችለው ቀለሙ ይናገር። ቀለሙን ራስሽ አትምረጪ፤ ሦስት ቀለም ይዘሽ ሂጂና የትኛው «ደህና»፣ የትኛው «እቀፊው» እንደሚላቸው እነሱው ይንገሩሽ። ሲስተሮቹን ደግሞ ጠዋት ርክክብ ላይ አታግኚያቸው፣ ያባርሩሻል። ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ሲፈላ ነው ሰው የሚያወራው። ባዶ ሣጥን ይዘሽ ሂጂ፣ ውስጡ ምንም የሌለው፣ በትክክለኛው መጠንና ክብደት ብቻ። ማሰሪያው የት እንደሚይዝ፣ ሲታጠብ ምን እንደሚሆን፣ ማታ ማን እንደሚሰማው አንድም መስመር ኮድ ሳትጽፊ ታውቂያለሽ።

አሁን ኢኤስፒውን ንቀዪው፣ ይቀዝቅዝ። ቀጣዩ ወር ላይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለን ዕቃ እናስመጣለን። ዝርዝሩን እስከ እሁድ ጽፈሽ ስጪኝ፤ ቺፑን ሁለት አድርጊው፣ አንዱ መቃጠሉ አይቀርም። ቲኤምፒ117 ሦስት። ካፓሲተሩን እዚሁ እናገኘዋለን፣ እሱን አትጻፊ። ጂፒኤስ ከዝርዝሩ ላይ ካየሁ ግን ለዘመዳችን አልልከውም፤ ከራስሽ ኪስ ክፈዪ።